ስድሳ ሳንቲም ነው የተባለው በር

እህቴ ሰው ስታይ መጀመሪያ የምታየው ፊቱን አይደለም፤ ትከሻውን ነው። ሰውየው ገና "እንደምን ዋላችሁ" ብሎ ሳይጨርስ "ግራ ትከሻው ዝቅ ይላል፣ ትንሽ መደገፊያ ይፈልጋል" ትለኛለች በጆሮዬ። ልብስ ሰፊ ናት። ሜትሯ ከአንገቷ ስለማይወርድ ሰፈሩ ስሟን ረስቶ "ሜትር" እያለ ነው የሚጠራት። እኔ ታናሿ ግን እትዬ ነው የምላት። በአንዲት ክፍል ሱቅ ውስጥ እሷ ትሰፋለች፣ እኔ እተኩሳለሁ። ስትሳሳት አላየሁም፣ ስሳሳት ግን ሳታየኝ ቀርታ አታውቅም። አንዴ ለግማሽ ሳንቲም ብላ ሙሉ እጅጌ አስፈትታኛለች። "ማንም አያየውም እኮ!" ብዬ ብጮህ "እኔ አይቼዋለሁ" አለችና ክሯን መምዘዝ ቀጠለች።

ከአስራ ሁለት ዓመት በፊት መኪና ገጭቷት ወገቧ ተጎዳ፤ ከዚያ ወዲህ የምትሄደው በዊልቸር ነው። ይህን የምነግራችሁ ከንፈር እንድትመጡላት አይደለም። እሷ ከንፈሩን የሚመጥ ደንበኛ ከመጣባት ሱሪውን በሳምንት ታዘገይበታለች፣ ቀልዴን አይደለም። የስፌት መኪናውን ፔዳል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በግራ ክርኗ ነው የምትጫነው። ጠረጴዛውንም በእሷ ቁመት ልክ አስቆርጣዋለች። እኔ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ስተኩስ ወገቤ ቁርጥ እስኪል አጎነብሳለሁ፤ አቤቱታዬን ግን የሚሰማ የለም።

ባሏ አትክልተኛ ነው። ከተማው መሃል ባለው ትልቁ መናፈሻ ይሠራል፣ ማለት ይሠራ ነበር። ጋሼ ነው የምለው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጫማው ላይ ሁልጊዜ ጭቃ የማይጠፋ ሰው ነው፤ ወሬ ሲጀምር ግን ማሰሮ እሳት ላይ ጥደው የመጡ ሴቶች ሳይቀሩ ቁጭ ይላሉ።

እትዬ ከሆስፒታል የወጣች ጊዜ ስምንት ወር ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር የምትውለው። መቀስ አልነካችም፣ ከሰውም አትነጋገርም። ጋሼ መናፈሻው የተቀጠረው ያኔ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ገባና ጫማውን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሞ "ዛሬ አንዷ ዳክዬ የዘበኛውን ዳቦ ነጥቃ ውሃ ውስጥ ገባች" አለ። "እሱም ዳቦዬን ብሎ ተከትሏት ገባ። እስከ ጉልበቱ! ከነቆቡ!" እትዬ ሳቀች። እኔ ሳህን እያጠብኩ ነበር፤ ሳህኑ ከእጄ ወድቆ ተሰበረ። የእህቴን ሳቅ ለስምንት ወር አልሰማሁትማ! ደስ ብሎኝ ስብርባሪውን እየለቀምኩ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲያ ጋሼ ያለ ወሬ ገብቶ አያውቅም። ዳክዬዎቹ ሰባት ነበሩ፣ ከዚያ ሠላሳ ሆኑ፣ ኋላ ሰባ ደረሱ። ውሃው ሐይቅ ነው፤ መሃሉ ላይ ጀልባ አለ፤ ከወዲህ ወዲያ የሚያሻግር ድልድይ አለ። የጽጌረዳው ዓይነት ብቻ አራት መቶ ነው። እትዬ እየሰፋች ትሰማለች፣ እኔም ካውያዬን አቁሜ እሰማለሁ፤ አንዳንዴ ሸሚዝ አቃጥያለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን "ውሰደኝና ልየው" አለችው።

ጋሼ ጆሮውን አከከ። "በሩ ነው ችግሩ" አለ። "ሞተር ሳይክል እንዳይገባ ብለው ሁለት የብረት ምሰሶ ተክለውበታል። በመሃሉ ያለው ቦታ ስድሳ ሳንቲም ነው።"

የእትዬ ዊልቸር ደግሞ ስድሳ አራት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን "እስቲ ሄደን እንሞክረው" ይላል። እህቴ ግን ልክ ከተነገራት አበቃ፤ በሙያዋ ያመነችውን ያህል በማንም አታምንም። ዝም ብላ ቀረች መሰላችሁ? ብረት በያጁ ጋ ሄዳ የጎማዎቹን የእጅ መግፊያ ቀለበት አስወለቀች። ስድሳ አንድ ሆነ። ያን ቀን ጋሼ ገና ከመግባቱ "አንዲት ሳንቲም ቀረችኝ!" አለችው እየተፍለቀለቀች። ጋሼ ክው አለ። በማግስቱ ሲመጣ "እንደገና ለካሁት፤ አምሳ ሰባት ሆኗል" አለን። "ብረት በብርድ ይኮማተራል።"

ይኮማተራል ተብለን ተኮማተርን። እትዬ ቀለበቶቹን መልሳ አስገጠመች፤ እሷ ስትቀበለው እኔ ማን ነኝና እከራከራለሁ? መንገዱም ቢሆን ለዓመታት ተቆፍሮ፣ ተደፍኖ፣ እንደገና ተቆፍሮ በዊልቸር ቀርቶ በእግርም አይኬድበትም ነበር። እንዲህ እንዲህ እያልን አስራ አንድ ዓመት አለፈ።

ዘንድሮ ጋሼ ጡረታው ደረሰ። የመጨረሻ ቀኑ ዓርብ ነው፤ ባልደረቦቹ በሻይና በኬክ ሊሸኙት ነው ተባለ። እትዬ ግራጫ ኮት ሰፋችለት። ሦስት ጊዜ አስለካችው፤ ሦስቱንም ጊዜ ላብ በላብ ሆኖ ነበር።

"እኔስ አልመጣም?" አለችው በሦስተኛው፣ መርፌ በአፏ እንደያዘች።

"ለሠራተኛ ብቻ ነው። ደሞ በሩ..."

"እሺ በቃ፣ አትነቃነቅ፣ እወጋሃለሁ" አለችው።

ዓርብ ጠዋት ኮቱን ለብሶ ወጣ። እትዬ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አንድ ሱሪ ቀምቅማ አልጨረሰችም። እኔ "አመመሽ እንዴ?" ልላት ስል መቀሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"አስራ ሁለት ዓመት የሠራበትን ቦታ በሩቅ እንኳን ሳላየው ጡረታ ሊወጣ ነው" አለች። "መንገዱ አሁን ተሠርቷል። ከበሩ ውጭ ቆሜ በብረቶቹ መሃል አየዋለሁ። ወጣ ብሎ ሰላም ቢለኝ ይበቃኛል።"

አንጀቴን በላችው። "ዛሬ ከሰዓት ዝግ ነን" የሚል ወረቀት ለጥፌ ሱቁን ቆለፍኩ።

ከሱቁ እስከ መናፈሻው አርባ ደቂቃ ፈጀብን። እትዬ ጎማዋን ራሷ ነው የምትገፋው፤ ከጂንስ ቁራጭ የሰፋችው መዳፉ ላይ ቆዳ የተለጠፈበት ጓንት አላት። እኔን ያስገፋችኝ ዳገቱ ላይ ብቻ ነው፤ እሱንም "ቀስ በይ፣ ጋሪ አይደለሁም" እያለች። አንድ ቦታ ለዊልቸር ተብሎ ዝቅ የተደረገውን የእግረኛ መንገድ ጫፍ አንዱ መኪናውን አቁሞበት ሙዝ ይበላል። ደሜ ፈላ። ቦኔቱን በቡጢ መታሁት።

"ምን ሆነሻል አንቺ?" አለ መስታወቱን አውርዶ።

"እኔማ ምንም አልሆንኩም! መንገድ ላይ ተኝተሃል፣ ተነስ ልልህ ነው!"

እትዬ ሳቋን አፍና "ወንድሜ፣ ትንሽ ወደፊት ሳብ ቢያደርጉልን፣ እቺ ታናሼ ካውያ ሳትይዝ የወጣችበት ቀን ስለሆነ ዕድለኛ ነዎት" አለችው። ሰውየው ሙዙን እንደጎረሰ መኪናውን አነሳ።

መናፈሻው ጋ ደረስን። ትልቅ አረንጓዴ በር፣ መሃሉ ላይ ሁለት ምሰሶ፣ አጠገቡ ወንበር ላይ የተቀመጠ ዘበኛ። ዘበኛው እትዬን አየና ወደ እኔ ዞሮ "ምን ፈልገው ነው እሳቸው?" አለኝ።

"አፍ አላቸው፤ ራሳቸውን ይጠይቋቸው" አልኩት።

እትዬ ግን አልሰማችንም። ምሰሶዎቹን እያየች ነበር። ግንባሯ ላይ ያቺ እጅጌ ስታስፈታኝ የምትወጣው መስመር ወጣች። ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች፣ ጎንበስ ብላ ከምሰሶ ምሰሶ ዘረጋችው። ከታች ለካች፣ ከመሃል ለካች፣ እንደገና ከታች ለካች።

"ሰባ ስድስት" አለች።

"ምን?"

"ሰባ ስድስት ሳንቲም ነው።"

"ብረት በሙቀት ይሰፋል ማለት ነው?" አልኳት። አልሳቀችም። ሜትሯን ቀስ ብላ ጠቀለለችው፣ ሁልጊዜ እንደምትጠቀልለው፣ ጫፍ ለጫፍ።

"እንድመጣ አልፈለገም" አለች። "አስራ አንድ ዓመት ሙሉ እንድመጣ አልፈለገም። ያፍርብኛል፣ አይደል? ሰው ፊት ሚስቴ ናት ብሎ በዊልቸር ይዞኝ መግባት አፍሮ ነው።"

አያችሁ፣ እኔ ነገር ቶሎ አይገባኝም፣ ቁጣ ግን ፈጥኖ ይደርስልኛል። ያን ሰዓት ጋሼን ባገኘው ኖሮ ከነአዲሱ ኮቱ እተኩሰው ነበር። ለካስ ልብስ ሰፊ አግብቶ የውሸት ልክ የሚናገር ሰው አለ! እትዬ ዊልቸሯን ወደ መጣንበት አዞረች። ፊቷ ያ ግድግዳ የሚያየው ፊት ሆነብኝ።

"እንመለስ ካልሽ እንመለሳለን" አልኳት። "እኔ ብሆን ግን ዓይኑን ሳላይ አልመለስም።"

ዘበኛው አንዴ እኔን አንዴ እሷን ያያል። እትዬ ጓንቷን ጥብቅ አደረገች።

"ኮቱ ትከሻው ላይ እንዴት እንደተቀመጠ ልይና እመለሳለሁ" አለችና በሁለቱ ምሰሶዎች መሃል ሳትነካ ሰተት ብላ ገባች። ከዚህም ከዚያም ስድስት ስድስት ሳንቲም ተርፏታል።

ውስጡ ጠጠር ነው፤ ጎማው እየሰመጠ አስቸገራት። ወደ ኋላ ዞራ በትልቁ ጎማ እየጎተተች አለፈችው፤ እኔም ከፊት ከፊት ድንጋይ በእግሬ እጠርግላታለሁ። አንዲት የምትንሸራሸር ሴትዮ አገኘንና "ሐይቁ በየት በኩል ነው?" አልኳት።

"የቱ ሐይቅ?" አለችኝ።

"ጀልባ ያለበት።"

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየችኝና መንገዷን ቀጠለች።

ትንሽ እንደሄድን ዛፎቹ ገለጥ አሉ። ክብ የሲሚንቶ ኩሬ አለ። ውሃው ላይ አንድ የልብስ መዘፍዘፊያ ላስቲክ ሳፋ ይንሳፈፋል፤ ሳፋው ውስጥ ሁለት ዳክዬዎች ተኝተዋል። በኩሬው ጠርዝ አንድ ጣውላ ተጋድሟል። እትዬ ሳፋውን አየች፣ ጣውላውን አየች፣ ወደ እኔ ዞረች። ከኩሬው ወዲያ ደግሞ ጋሼ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል፤ ግራጫ ኮቱን እንደለበሰ በውሃ ቱቦ አበቦቹን ያጠጣል። ትከሻው ላይ ኮቱ ልክክ ብሏል፣ እሱን መካድ አልችልም።

"ጋሼ!" አልኩ፣ ሳላስበው ጮክ ብዬ።

ዞረ። ቆሌው ተገፈፈ። ውሃው በቀጥታ የራሱ ጫማ ውስጥ መፍሰስ ጀመረ፣ እሱ ግን አላወቀውም።

እትዬ ወደ ኩሬው ጠርዝ ተጠጋች። ሜትሯን አውጥታ አንዱን ጫፍ ለእኔ ሰጠችኝ፤ ከኩሬው ጎን መሬት ላይ ዘረጋሁላት። አልደርስ ሲለን ሁለት ጊዜ ቀጥለን ለካነው።

"አራት ሜትር ከሃያ" አለች። "ሐይቁ ይሄ ነው?"

"ይሄ... አዎ" አለ ጋሼ።

"ጀልባው ሳፋው ነው?"

"ሳፋው ነው።"

"ሰባ ዳክዬ አልነበረም? ሌሎቹ የት ሄዱ?"

ጋሼ ዳክዬዎቹን አየ፣ ሰማዩን አየ። "ጡረታ ወጡ" አለ።

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ከንፈሬን ነከስኩ፤ የመጣሁት ለጠብ ነዋ። እትዬ ግን አልሳቀችም። ድምጿ ቀጠን ብሎ "በሩ ሰባ ስድስት ነው" አለችው። "ለካሁት። ለምን ዋሸኸኝ? ታፍርብኛለህ?"

ቱቦው ከእጁ ወደቀ። "እኔ? ባንቺ?" አለ። "ያፈርኩት በኩሬው ነው እንጂ! ዳቦ የነጠቀችው ዳክዬ እውነቴን ነው፣ አይኔ እያየ ነው። አንቺም ሳቅሽ። በማግስቱ ግን እዚህ ምንም ነገር አልተደረገም። ቀኑን ሙሉ ሣር አጨድኩ፣ ምንም። ታዲያ ያቺን ሳቅሽን ካየሁ በኋላ ባዶ እጄን ልግባ? አንድ ዳክዬ ጨመርኩ። ሌላ ጨመርኩ። ልየው ስትይኝ ጊዜ ሰባ ደርሰው ነበር። ምን ልበልሽ? ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ።" ዓይኑ እንባ አቀረረ። "መጥተሽ ብታይው ዳግመኛ የምነግርሽን አታምኚኝም፤ ካላመንሽኝ ደግሞ ፊትሽን ታዞሪያለሽ ብዬ ፈራሁ።"

የእትዬ ዓይን የወረደው እሱ ሲያጠጣቸው ወደነበሩት ጽጌረዳዎች ነው። አራት መቶ ዓይነት አይደሉም፤ አንድ መደብ ናቸው፣ ቀይና ቢጫ። ግን እንዴት ያምራሉ! መስመራቸው እንደ ተሰፋ ነው። ሜትሯን ከግንድ እስከ ግንድ ዘረጋች። አርባ። ቀጣዩም አርባ። የመጨረሻው ድረስ ለካች፤ አርባ፣ አርባ፣ አርባ።

"በምን ለክተህ ነው የተከልካቸው?" አለችው።

ጋሼ አንገቱን ደፍቶ ከኪሱ አንድ ያረጀ ሜትር አወጣ። ቢጫው ለቆ ነጭ የሆነ፣ ጫፉ በቀይ ክር የተቋጠረ። አወቅኩት። ከስድስት ዓመት በፊት ከሱቅ የጠፋው ሜትር ነው! ስድስት ዓመት ሙሉ "አንቺ ነሽ የጣልሽው" እየተባልኩ የኖርኩበት!

"ሌባ!" አልኩት። "እኔን እኮ ሰባት ጊዜ ቆሻሻ አስበረበረችኝ!"

ያኔ እትዬ ሳቋን ለቀቀችው። በሳቅ ፍርስ አለች፤ ዊልቸሩ እስኪንቀጠቀጥ፣ ዳክዬዎቹ ከሳፋቸው ዘለው እስኪወጡ ድረስ። ጋሼም እያለቀሰ ይስቃል። እኔ ልቆጣ ሞከርኩ፣ ግን አልሆነልኝም።

በዚህ መሃል የጋሼ ባልደረቦች ከወዲያ ከመሣሪያ ማስቀመጫው ቤት ብቅ አሉ፤ ስምንት ይሆናሉ፣ ሻዩ ቀርቧል ብለው ሊጠሩት ነው። ከፊት የምትመራው የጽዳት ኃላፊዋ ነች፣ ወፈር ያለች፣ ድምፀ ጎርናና ሴትዮ። እትዬን ስታይ ቆመች። ዊልቸሯን ሳይሆን በአንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር ነበር ያየችው።

"እርስዎ ነዎት?" አለች በሁለት እጇ ጉንጯን ይዛ። "የልብስ ፋብሪካዋ ባለቤት! ኧረ እናንተ፣ ኑ፣ ባለ አርባ መኪናዋ መጡ!"

እኔና እትዬ ተያየን። ሱቃችን ውስጥ ያለችው መኪና አንዲት ናት፤ እሷም ቀበቶዋ ሲላላ በዱላ ካልተመታች አትዞርም። ጋሼ ፊቱን በቆቡ ሸፈነ።

ሴትዮዋ ግን አታቆምም። "አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ወሬ የለውም እኮ! ሰው በዓይን አይተው ብቻ ልኩን እንደሚናገሩ፣ ዳኛውን ሳይለኩት ካባ እንደሰፉለት፣ ስለ እጅዎ፣ ስለ ሳቅዎ... አታድክመን እስክንለው ድረስ! ስንት ጊዜ 'አምጣቸውና እንያቸው' ብለነዋል፤ 'ሥራ ይበዛባታል፣ አርባ መኪና ቀልድ ነው?' ይለናል።" ወደ እኔ ዞረችና እጇን ዘረጋች። "አንቺ ደግሞ የካውያ ክፍል ኃላፊዋ መሆን አለብሽ። ሃያ ሰው ከሥርሽ አለ አሉ።"

የተዘረጋ እጅ አይመለስም፣ ጨበጥኳት።

እኔ ደግሞ ይሄ ሰው አፍሮባታል ብዬ ነበር ካውያ ያማረኝ! እቤት ስለ መናፈሻው፣ መናፈሻው ውስጥ ስለ እሷ። ጎልማሳ ሰው ሁለት ቦታ ሲዋሽ ኖሮ ሁለቱንም የዋሸው ለእሷ ነው። ውስጤ እሳት እንደነካው ቅቤ ሟሟ፤ እልህ የያዘኝ ግን ያው ነው፣ ስለ ሜትሩ።

አንደኛው ባልደረባው፣ ብዙም የማያምን ዓይነት መነጽራም ሽማግሌ፣ ወደ እትዬ ጠጋ አለ። "ይቅርታ እመቤቴ፣ እኔ ግን ሁልጊዜ እጠራጠረው ነበር" አለ። "ይሄ ሰው ማጋነን ይወዳል። እውነት አርባ መኪና አለዎት?"

ጋሼ ቆቡን ከፊቱ አነሳ፤ ኮቱ ውስጥ ያጠረ መሰለኝ። የማን እህት እንደሆንኩ አውቃለሁ፣ ግማሽ ሳንቲም የማትምር ሴት ናት። ለአርባ ምን ልትል ነው?

እትዬ ሜትሯን አስተካከለች። ባሏን ከትከሻው እስከ እርጥብ ጫማው አየችው።

"አርባ አይደለም" አለች። "አርባ አንድ ነው። ትናንት አንድ ጨምረናል።"

ጋሼ በአዲሱ ኮት እጅጌ እንባውን ጠረገ። "ጨርቁን!" ብላ ጮኸችበትና ጎማዋን ወደ ሻዩ ገፋች፤ እሱም ከፊት ከፊቷ እየሮጠ ጠጠሩን በእግሩ ጠረገላት። እኔም ሃያ ሰው ከሥሬ ያለኝ ኃላፊ ስለሆንኩ ትልቁን ቁራጭ ኬክ ተቀብዬ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።